የዳማ እርሾ

ደጀን ላይ ጠዋት የሚጀምረው በመርፌ ነው። ዓባይን ሊሻገር የመጣ አውቶቡስ ሁሉ ከመመርመሪያው በር ፊት ይቆማል። ከምሰሶው ላይ ቀጭን ክንድ ይወጣና በሞተሩ ጎን መርፌውን ሰክቶ አንዲት ጠብታ ዘይት ይመጥጣል። ሾፌሩ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ከዚያ አረንጓዴ መብራት ይበራና አንድ ለስላሳ የሴት ድምፅ «እለፍ» ይላል። ቀይ መብራት መኖሩን ሁሉም ያውቃል፤ ሲበራ ያየው ሰው ግን ከብዙ ዓመት ወዲህ የለም።

በዚህ ዘመን ሜዳ ሜዳውን የሚሄደው ሁሉ በኤሌክትሪክ ነው። የዓባይን ቁልቁለት ወርደው ዳገቱን የሚወጡት ግን እነዚያው አሮጌ ሞተሮች ናቸው። አዲስ ሞተር ወደ አገር ሲገባ ያዩ አያቶች አፈር ከሆኑ ቆይተዋል፤ ስለዚህ ያሉትን ማኖር ግድ ሆነ። ዘይቱም እንደ ልብ አይገኝም። የሞተር ዕድሜ ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት የዘይት መቀየሪያውን ጊዜ ያራዝም ጀመር፤ መጀመሪያ ወደ አንድ ዓመት፣ ቀጥሎ ወደ ሦስት፣ ቀጥሎ ወደ ሰባት። ባራዘመ ቁጥር ሬዲዮው «ዘይት አይቀየርም፣ ይመረመራል» ይላል፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል። በመጨረሻ ዘይት መሬት ላይ ማፍሰስ ራሱ ወንጀል ሆነና ጥፍሩ የጠቆረ ሰው ፖሊስ ሲያይ እጁን ኪሱ መክተት ለመደ። ጋራዦቹ ሥጋ ቤት ሆኑ። የሞተር ድምፅ አዳምጦ «ይኼ ታሟል» የሚል ሰው ቢፈለግ የሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ከድንጋይ በታች ነበር።

ሰውም ለመደው። ሰው የማይለምደው የለም። ሾፌሮች ሲገናኙ ከጤና ቀጥሎ የሚጠያየቁት ስለ ዘይታቸው ሆነ። ልጅ ለመጠየቅ የሄዱ ሽማግሌዎች የልጁን ዘር ከመቁጠራቸው በፊት የሞተሩ ዘይት ስንት ዓመት እንደኖረ ይጠየቃሉ፤ ዕድሜው በረዘመ ቁጥር የልጅቷ አባት ፊቱ ይፈታል። ሞተር ሲሞት ድንኳን ይጣላል፤ ለቀስተኛው ንፍሮውን እየቆረጠመ የሟቹን ዘይት ዕድሜ ያነሳል።

በዚህ ሁሉ መካከል ላቀው ይመኑን የማያውቅ አልነበረም። የጥንት ሰው በፈረሱ ስም እንደሚጠራ ሁሉ የዓባይ ሾፌር በአውቶቡሱ ስም ይጠራል፤ ላቀውም «አባ ዳማ» ነው። ዳማ የሚባለው አውቶቡሱ ዘይቱ ሳይቀየር አሥራ አንድ ዓመት ሲሄድ አንድ ቀን እንኳ ደክሞት አያውቅም። ድምፁ እንደ ንብ ቀፎ ነው፤ ጭስ የለው፣ ማንኳኳት የለው። የባለሥልጣኑ ሰዎች መሣሪያዎቻቸው ጤነኛ ዘይት ምን እንደሚመስል እንዲያውቁ ያስተማሩት በዳማ ዘይት ነው። በየበሩ የተሰካው መርፌ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኼ ዘይት የዳማን ይመስላል ወይስ አይመስልም? ከመሰለ አረንጓዴ ነው።

እርሾው የመጣው ከዚህ ነው። ይዘንጋው የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር፣ ያኔ ቀይ መብራት ገና ይበራ በነበረበት ዘመን፣ በሩ ላይ ተይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ላቀው አዘነለትና ከዳማ ሆድ አንዲት ስኒ ዘይት ቀድቶ ሰጠው። ይዘንጋው ስኒዋን በሞተሩ ውስጥ ገልብጦ እንደገና ተሰለፈ፤ መብራቱም አረንጓዴ ሆነ። ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ሊል አይችልም። ሊጥን የሚያቦካው እርሾ አይደለም ወይ? ደህናው ዘይት መጥፎውን ያቦካዋል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ባለሥልጣኑ በዓመት አንድ ጊዜ «ማሟያ» የሚላትን የአዲስ ዘይት ጣሳ ለየሾፌሩ ባደለ ማግስት፣ ከደብረ ማርቆስም ከፍቼም የመጣ ሾፌር የላቀውን ግቢ ይሞላዋል።

ባዶ እጁን የሚመጣ ግን የለም። ባዶ ዕቃ ይዞ ሰው ቤት መሄድ እንዴት ይሆናል? እያንዳንዱ ሾፌር ማሟያውን እንደታሸገ አምጥቶ ዳማ ውስጥ ያንቆረቁራል፤ ከዚያ ስኒውን ዘርግቶ እርሾውን በሁለት እጁ ይቀበላል። ለእርሾ ጥቂት ይበቃል፤ ለአክብሮት ግን ጥቂት ማምጣት ነውር ነው። እንግዲህ የሚመጣው ሁሉ ዳማ ሆድ ውስጥ እንዲገባ ቦታ መልቀቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ላቀው በዋዜማው አውቶቡሱ ሥር ይገባና የማፍሰሻውን ቡሎን ፈቶ ያለውን ዘይት አብዛኛውን በጀሪካን ይቀዳል። ሕጉ መሬት ላይ ማፍሰስን እንጂ ከሞተር ወደ ሞተር ማዛወርን አይከለክልም። ጀሪካኑንም ለማንም ባዳ አይሰጥም፤ ለልጁ ለደብሪቱ ነው።

ደብሪቱ አንዲት ልጁ ናት። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ ያጣው እሱ ነው። ከጎሐ ጽዮን ደጀን የምትመላለስበት አውቶቡስ ጉራቻ ይባላል። ሌላው በስኒ የሚቀበለውን እሷ በጀሪካን ስለምትቀበል ሾፌሩ ሁሉ ይቀናባታል፤ እሷም ማሟያዋን ከሁሉ ቀድማ ዳማ ውስጥ ገልብጣ የአባቷን ጉልበት ስማ ትሄዳለች። ላቀው በዚያን ዕለት የሚሰማው ደስታ በዓመቱ ሙሉ አይሰማውም። ሰጪ ነው። የሚሰጥ እጅ ደግሞ አይቆጥርም፤ ቀኝ የሰጠውን ግራ እንኳ እንዳያውቅ ነው የታዘዘው። በየዓመቱ የበሩ መሣሪያ «ዘይት ጨምረሃል?» ብሎ ሲጠይቀው «አልጨመርኩም» ይላል። ውሸት አልመሰለውም። እሱ ገዝቶ አልጨመረም፤ ሰው በፍቅር ያመጣለትን ለመንግሥት የሚቆጥር ምን ዓይነት ሰው ነው?

በዚያ ዓመት በግንቦት ባለሥልጣኑ የመጨረሻውን ሊያውጅ ተዘጋጀ። የዘይት መቀየሪያ ጊዜ የሚባል ነገር ከእንግዲህ ላይኖር ነው፤ አንድ ሞተር አንድ ዘይት፣ ዕድሜ ልኩን። ለአዋጁ የቀረው ዳማን አንድ ጊዜ በጥንቱ ዘዴ መርምሮ ማኅተም ማድረግ ብቻ ነበር። ለዚህ ከአዲስ አበባ የተላከችው መንበረ የምትባል የዘይት መርማሪ ናት። አንድ ትንሽ ምድጃ በሻንጣ ይዛ መጣች። ዘይቱን ታቃጥለውና በእሳቱ ውስጥ የትኛው ብረት ምን ያህል እንዳለ ታያለች፤ መርፌው ከመምጣቱ በፊት ሰው እንዲህ ነበር የሚያደርገው።

ላቀው ፎቶ ይነሳል ተብሎ ስለተነገረው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ በደጀን መመርመሪያ ጣቢያ ቢሮ ተቀምጧል። መስኮቱ ወደ ሸለቆው ነው። መንበረ የዳማን ዘይት በመርፌ ሳይሆን ከሥሩ፣ ከቡሎኑ ቀድታ አቃጠለችው። ውጤቱን አየች። እንደገና ቀድታ እንደገና አቃጠለችው። ላቀው ፈገግ ብሎ ተመለከታት። ስለ ዳማ ለእሱ ልትነግረው ነው፤ ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው ብሎ በልቡ ሳቀ።

«አባ ዳማ፣ ባለፈው ዓመት ምን ያህል ዘይት ጨመሩ?» አለችው።

«ጠብታ አልጨመርኩም።»

«ይህ ዘይት አሥራ አንድ ዓመት አልኖረም። አንድ ዓመትም አልሞላው።»

ላቀው ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ይቺ ከተሜ ሌባ ልትለው ነው የመጣችው? በቁጣ መለሰላት። እሱ ከአገር የተደበቀ ነገር እንደሌለው፣ ዳማን መላው ጎጃም እንደሚያውቀው፣ እሷ ገና ሳትወለድ እሱ መሪ እንደጨበጠ ነገራት። መንበረ አልተቆጣችም። ያለ አንዳች ምክንያት ዘይት እንደማይታደስ፣ በዚህ ዘይት ውስጥ ደግሞ የብዙ ጣሳ አዲስ ዘይት እንዳለ፣ ከየት እንደመጣ ብቻ እንዲነግራት ለመነችው። እሱም ተረጋጋና ስለ እርሾው ነገራት። ለመንገር ሲል ሳይሆን ለመኩራት ነው የነገራት፤ የይዘንጋውን ለቅሶ፣ ግቢውን የሚሞላውን ሾፌር፣ በሁለት እጅ የሚዘረጋውን ስኒ። ሲያወራ ፊቷ እየተለወጠ ሄደ። እሱ በአድናቆት መስሎት የበለጠ አወራ።

«የሚያመጡትን ማሟያ ሁሉ ዳማ ውስጥ ነው የሚጨምሩት?»

«አዎ። ባዶ እጁን የሚመጣ የለም።»

«ቦታ ለመልቀቅ አስቀድመው የሚቀዱትንስ? የዓመቱን አሮጌ ዘይት?»

«ለልጄ ነዋ። ለማን ልሰጠው ነበር?»

መንበረ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ከዚያ ለገበሬ ልጅ እንደሚነገር አድርጋ፣ ሳትቸኩል፣ አስረዳችው። ዘይት ሞተርን ያጥባል። ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚላገውን ዱቄት፣ ጥላሸቱን፣ አሲዱን ሁሉ ተሸክሞ ይይዛል፤ አሮጌው ዘይት ሲወጣ ቆሻሻው አብሮ ይወጣል። ዳማ አሥራ አንድ ዓመት ሳይቀየርለት የኖረ ሞተር አይደለም። በአገሩ ካሉት ሞተሮች ሁሉ በየዓመቱ ሳይጓደልበት ዘይት የተቀየረለት እሱ ብቻ ነው። የተቀየረለትም ሌሎቹ ለራሳቸው ሞተር በተሰጣቸው ዘይት ነው። መርፌው ደግሞ የሞተር ጤና አያውቅም፤ የሚያውቀው የዳማን ዘይት ብቻ ነው። አንዲት ስኒ የዳማ ዘይት የገባችበት ሞተር ውስጡ ቢበሰብስም ለመርፌው ዳማን ይመስላል፤ ያልፋል።

ላቀው እያንዳንዱን ቃል ሰማ፤ ቃሎቹ ግን አንድ ላይ አልገጥም አሉት። ሲሰጥ የኖረ መስሎት ሲቀበል ነበር የኖረው ማለት ነው? የይዘንጋውን ጣሳ፣ የደብረ ማርቆሱን፣ የፍቼውን፣ የልጁን ጣሳ ዳማ ጠጥቶታል ማለት ነው? እነሱ ስኒ ይዘው ሲሄዱ ባዶ እጃቸውን ነበር የሄዱት? 

መንበረ ስልኳን አንስታ ነበር። የልጁ አውቶቡስ ዛሬ በጎሐ ጽዮን በር አልፎ እንደሆነ ጠየቀች፤ አልፏል፣ አረንጓዴ በርቶለታል። ከመርፌው የተረፈችውን ጠብታ ሌላ ምድጃ ይዞ እዚያ የተቀመጠው ባልደረባዋ እንዲያቃጥላት ነገረችው። ላቀው በመስኮቱ ወደ ሸለቆው እያየ ጠበቀ። ደብሪቱ በዚህ ሰዓት ቁልቁለቱን ጨርሳ ድልድዩ ጋ መድረሷ ነው። ከድልድዩ በኋላ ዳገቱ ነው፤ ሞተር የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው።

ስልኩ ሲጠራ መንበረ አንስታ አዳመጠች። ዘግታ ስትጨርስ ነው ያየችው። «ብረቱ ከልክ በላይ ነው። መዳብና እርሳስም አለው። እርሳሱ የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸው የኩሽኔታዎቹ ልባስ ነው፤ መዳቡ ከሥሩ ያለው ነው። ልባሱ አልቆ ሥሩ እየተበላ ነው ማለት ነው። ይህ ሞተር ዳገት ላይ በድንገት ነክሶ ሊቆም ይችላል።»

ላቀው ክው አለ።  የኖረበት ዓመት ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሥሩ ተነቅሎ እግሩ አየር ላይ የቀረ መሰለው። ስንት ሰው ጭናለች ብሎ ሊጠይቅ ፈለገና አልጠየቀም፤ ጉራቻ ሞልቶ ካልሆነ ተንቀሳቅሶ አያውቅም።

መንበረ የጣቢያውን ኃላፊ ጠርታ ቀይ መብራት እንዲያበራ፣ መንገዱንም እንዲዘጋ ጠየቀችው። ኃላፊው አቶ ጥጋቡ ቀና ሰው ነው፤ ወዲያውም ሞከረ። መሣሪያው ግን የሚታዘዘው መርፌውን ብቻ ነው። የጉራቻ ዘይት ከዳማ ዘይት ጋር ከማንም በላይ ይመሳሰላል፤ ስለዚህ ጉራቻ በአገሩ ካሉት ሁሉ ጤነኛው ነው አለ። ለደብሪቱ እንዳይደውሉ የሾፌር ስልክ ጎማ ሲንቀሳቀስ ይተኛል፤ ጎማ ሲቆም ብቻ ይነቃል። ላቀው የቀረውን ክርክር አልሰማም። በሙሉ ልብሱ ሮጦ ዳማ ላይ ወጣ።

ዳማ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሁልጊዜም በአንድ ጊዜ ነው የሚነሳው። ያ የንብ ቀፎ ድምፅ፣ ስንት ዓመት የኮራበት፣ አሁን ጆሮውን ቆረጠው። ከዳማ ጉሮሮ የሚወጣው የልጁ ዘይት ነበር። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይዞ ወረደ፤ በየመታጠፊያው ከታች የሚመጣ ካለ ያያል፤ እግዚአብሔርን ይለምናል፤ የሚለምነውን ግን ራሱም በቅጡ አያውቀውም። እንድትቆም ነው ወይስ እንዳትቆም? ዳገት መሃል የቆመ አውቶቡስ ወደ ኋላ ቢንሸራተትስ?

ጉራቻን ያገኘው ከድልድዩ በላይ፣ መንገዱ እንደ ክርን በሚታጠፍበት ቦታ ነው። ዝግ ብሎ እየወጣ ነው። ደብሪቱ አባቷን ስታይ ፊቷ በራና ክላክስ አሰማችው፤ መንገድ እንዲለቅላትም መብራት ብልጭ አደረገች። በዓባይ ሾፌሮች ዘንድ ዳገት የያዘን ማስቆም ከነውር ሁሉ የከፋ ነውር ነው። ላቀው ግን መሪውን ጠምዝዞ ዳማን በመንገዱ ላይ አጋደመው። ጉራቻ በፍሬን ጮኾ ከዳማ ጎን አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ተሳፋሪው ከውስጥ ጮኸ።

ደብሪቱ ዘልላ ወረደች። ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ላቀውም ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳመጠው። ከሥር፣ ከጥልቅ፣ አንድ ነገር ያንኳኳል። ሙቀጫ ውስጥ ደረቅ ነገር የሚወቅጥ ሰው ያለ ይመስላል። ይህን ድምፅ ሳይሰማው እንዴት ኖረ?

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል? ሰው ጭኛለሁ እኮ።»

«ሞተሩን አጥፊው።»

«አላጠፋውም።»

«ደብሪቱ፣ አጥፊው አልኩሽ።»

ወደ ተሳፋሪዎቿ ዞር ብላ አየችና ቀረበችው። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ካጠፋሁት አይነሳም። ከፋሲካ ወዲህ አጥፍቼው አላውቅም። ሲቀዘቅዝ ይነክሳል። ሌሊቱን ሁሉ እየሠራ ነው የሚያድረው፤ እኔም መሪው ላይ ተደፍቼ አድራለሁ።»

ላቀው ለምን አልነገርሽኝም አላት። 

«ምን ብዬ ልንገርህ? ለሰው ሁሉ የያዘው የአባቴ እርሾ ለእኔ አልያዘም ልበል? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።»

ላቀው የጉራቻን ኮፈን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘና ጫፉን በሁለት ጣቶቹ መካከል አሸው። ዘይቱ እንደ ሬንጅ ወፍሯል። ጣቱን ወደ ፀሐይ ሲያዞረው በጥቁሩ ውስጥ ደቃቅ የሚያብለጨልጭ ነገር አየ፤ ከሩቅ ለሚያየው ወርቅ ይመስላል። መንበረ ያለችው መዳብ ነው። የጉራቻ አጥንት ነው በጣቱ ላይ ያለው። እዚያው፣ ዘንጉን እንደያዘ፣ የሰማውን ሁሉ ለልጁ ነገራት። አላሳጠረም፣ አላለሰለሰም፤ ከቸኮለ እንደሚዋሽ ያውቃል። ስለ ማሟያዋ፣ ስለ ጀሪካኑ፣ ስለ መርፌው ነገራት።

ደብሪቱ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው።

«ጉራቻ ሲጠጣ የኖረው የዳማን እጣቢ ነው?»

መዋሸት ይችል ነበር። «አዎ፣ ልጄ» አላት።

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ለረዥም ጊዜ አየችውና ፊቷን አዞረች። ላቀው በሕይወቱ ብዙ ዱላ ቀምሷል፤ እንደዚያች መዞር የመታው ግን የለም። ደብሪቱ ተሳፋሪዎቿን በትሕትና አስወረደች፤ ድንጋይ ለቅመው ከጎማዎቹ ሥር እንዲያስገቡ አደረገች። አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ስለ ምን እንደሆነ ቢጠይቃት ዘይት ነው አለችው፤ እሱም ዘይት ከሆነማ አባ ዳማ እዚህ አለ አይደል ብሎ ተጽናና። ከዚያ ጉራቻ ላይ ወጥታ ቁልፉን አዞረች። ጉራቻ ቀስ ብሎ አልጠፋም፤ አንድ ከባድ ነገር እንደገጨ ሆኖ በድንገት ቆመ፤ መላው አካሉ ተናወጠ። በማግስቱ በብረት ገመድ ተጎትቶ እስኪወጣ ድረስ ከዚያች ቦታ አልተነሳም።

መንገዱ ስለተዘጋ ከኋላ የሚመጣው ሁሉ መቆም ጀምሮ ነበር። የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ የሲሚንቶ ጫኙ፣ እስከ ድልድዩ ድረስ ተሰለፈ። ሾፌሮቹ ምን እንደሆነ ሊያዩ በእግራቸው ወጡ። ዳማ መንገዱ ላይ ተጋድሞ፣ አባ ዳማ በሙሉ ልብሱ ቆሞ ሲያዩ ፊታቸው ተፈታ። በሩቅ ባርኔጣ አወለቁ፣ እጅ ነሱ። ከፊት የነበረው ይዘንጋው ነው፤ አሁን ሸብቷል። ጉልበቱን ሊስም ሲያጎነብስ ላቀው ይዞ ቀና አደረገው። ይዘንጋው ከጃኬቱ ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለች ስኒ አወጣ። ቀኑ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ነገር ግን እግዚአብሔር መንገድ ላይ ካገናኛቸው ዘንዳ አንዲት ጭላጭ ቢሰጡት ብሎ ለመነ። ከኋላው ያሉትም እጃቸው ወደየኪሳቸው ሲሄድ ላቀው አየ። ስኒ ይዘው ነው የሚዞሩት። ሁሉም።

ሊነግራቸው ጀመረ። ስኒውን ወደ ኪሳችሁ መልሱ አላቸው። እርሾ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ዳማ የጠጣው የእነሱን ማሟያ እንደሆነ፣ አረንጓዴው መብራት ስለ ሞተራቸው ምንም እንደማያውቅ ተናገረ። ከኋላ ያሉት አልሰማ ብሏቸው «ምን አለ?» ይባባላሉ። የፊተኞቹ ሰሙት፤ ሰምተው ግን በሐዘኔታ አዩት። አንዱ ፀሐይ መቶት ይሆናል አለ። ይዘንጋው በአክብሮት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«አባ ዳማ፣ ስንት ዓመት ሰጥተው ዛሬ ቢሰስቱብን እግዜርም አይወደው።»

ላቀው የሚጮኽበት ጉልበት አጣ። የተሰለፉት ሞተሮች ጩኸት ቃሉን ይውጠዋል፤ ሸለቆው ደግሞ ያስተጋባዋል። በጸጥታ ቢነግራቸው ይሰሙኛል ብሎ አሰበ። የጉራቻ ደረጃ ላይ ወጣና ሁለት እጁን አነሳ።

«እስቲ ለአንድ አፍታ ሁላችሁም ሞተራችሁን አጥፉና ስሙኝ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አልሰሙኝም ብሎ ደገመው፤ አሁን ሁሉም እንደሰሙ ከፊታቸው ያስታውቃል። ይዘንጋው ስኒውን በጨርቁ ይጠቀልል ጀመር። አንዱ ባርኔጣውን አስተካከለ። ሌላው ተሳፋሪዬ በፀሐይ ተቃጠለ ብሎ አጉረመረመ፤ እግሩን ግን አላነሳም። ላቀው አንድ በአንድ ዓይናቸውን ፈለገ፤ ያገኘው ዓይን ሁሉ ወደ መሬት ወረደ። ያን ጊዜ ገባው፤ የጉራቻን በር ይዞ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ደብሪቱ ከኋላው ነበረች። «አትድከም፣ አባዬ» አለችው። «እነሱም እንደ እኔው ናቸው፤ ማናቸውም አያጠፉትም።»

ከዚያ መታጠፊያ ጀምሮ እስከ ድልድዩ የተሰለፉት ሁሉ ሰው እንደጫኑ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ሊያጠፋ ቁልፉን የነካ አንድም ሾፌር አልነበረም።